የጨለመው ሰፈር

ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገና ልጅ ሳለሁኝ፣
አባቴ ከተማን ማንበብ አስተማረኝ።
የመብራት ኃይል ሰው ነው፤ ወገቡ ላይ ገመድ፣
ከምሰሶ ምሰሶ ዕድሜውን ሲራመድ።
«ሁሉም ሲበራማ ምን ይነበባል?» ይላል፣
«ድርግም ያለው ሰፈር ሁሉን ይናገራል።
ያው ጊንጆ ጠፋች! ቦሳ ኪቶ ግን አለ፤
የሷ መስመር ካዌቱ ማዶ ነው የዋለ።»
እኔም ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ አልፈራም፤
እቆጥራለሁ እንጂ፦ የቱ ጠፋ? የቱ አልጠፋም?

አሁን ነርስ ሆኛለሁ፣ የሌሊት ተረኛ፤
የተመታ ጭንቅላት የሚመጣው ወደኛ፣
ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ ጎዳና፣
ባጃጅ፣ ዛፍ፣ ደም ግፊት፤ መንገዱ ብዙ ነውና።

ሸምሲያ ነጋዴዋ፣ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ደም ቋጥሮ፣
ግራ የሚባል ነገር ከዓለም ተሰውሮ፣
የሳህኗን ገሚስ በልታ «ጨረስኩ» ትላለች፤
ሲርባት «ምነው ቆጠባችሁ?» ብላ ትወቅሳለች።
ሳህኑን ባዞርኩት ጊዜ፣ ዓይኗ ፈክቶ፦ «ጨመርሽልኝ?»
ምንም አልጨመርኩም። ምርቃቷ ግን ከበደኝ።

መምህር ወዳጆ ፊት አያውቁም። ፊት ግን ያያሉ፤
ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ለየብቻው ይቆጥራሉ።
ሠላሳ ዓመት መዝገብ የጠሩ፣ ሺህ ልጅ በመልክ የለዩ ሰው፣
ሚስታቸው እስክትስል ድረስ «ማን ልበል?» ነው ሰላምታቸው።

ደግሞ ነዚፍ አለ። የባጃጅ ሾፌር፣ ዓይናፋር፣
ሒሳብ ሲጠይቅ እንኳ መሬት መሬት የሚያይ ነበር።
ግንባሩ ተሰንጥቆ ዳነ። ዳነ ይባላል።
ከጎኑ አስከሬን ሲወጣ ከት ብሎ ይስቃል፣
ዘመድ ጠያቂውን ይሰድባል፣ በሐኪሙ መላጣ ያሾፋል።
«ልጄን መልሱልኝ» ትላለች እናት፤ ልጇ እዚያው ሾርባ ይጠጣል።
ይሉኝታ ቤት እንዳላት፣ ከግንባር አጥንት ጀርባ፣
ማን ያውቅ ነበር፣ ቤቷ ፈርሶ ብርድ ባይገባ?

ያሳፍረኛል አንዳንዴ፤ ይህ የምናውቀው ሁሉ
ከጤነኛ አልተገኘም፤
የተሰበሩት ናቸው ያስተማሩን፣ ሳይፈቅዱ፣ ሳይጠየቁ፣ ሳይከፈሉ።

ሰኔ ላይ አልጋ አሥራ አንድን አባቴ ተኛበት።
ምሰሶ አልጣለውም፣ ምሰሶስ ያውቀዋል፤ ፊቱን ሲታጠብ ነው፣ ድንገት።
በግራ በኩል ነው አሉኝ፤ ቃል የሚወጣበት ደጅ።
ያንን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ለሌላው ሰው ስንቴ ነገርኩ እንጂ!
ቀልዴ ይገባዋል፣ ይስቃል። ሬዲዮ ስከፍት ያዳምጣል።
«ሌንሴ በለኝ፣ አባ።» ከንፈሩ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣
«ታ… ታ…» ይላል፤ እንባው ይቀድመዋል።

ሐምሌ አሥር፣ ዝናብ። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም ተኛ።
ፊት የማያውቁት መምህር እኩል ሆኑ ከኛ።
ነዚፍ ዝናቡን ሰደበ፤ ሸምሲያ ዱዓ ጀመረች፤
ባትሪዬን ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ፣ አምፖሏ ብልጭ አለች።

«መጣ!»

ከአልጋ አሥራ አንድ። ጥርት ብሎ፣ የኮረብታው ሰው ድምፅ ወጣ፣
መብራት በተመለሰ ቁጥር አገር ምድሩ እንደሚለው፦ «መጣ!»
ሮጥኩ። «አባ! ድገመው፤ ምን መጣ?»
ያየኛል። ከንፈሩ ይፈልጋል። «ታ…»

በመስኮት አየሁ፦ ጊንጆ ጨለማ፣ ቦሳ ኪቶ በርቶ፤
አንዲት ቃል ግን በጓሮ ዞራ፣ በማላውቀው መስመር ገብቶ
ብርሃኗ፣ ለቅጽበት ደርሳ ነበር እኔ ዘንድ።
ሌላ ቃል ብጠብቅ የለም። ያቺ ብቻ፤ አንድ።

ሰዓቱን ካርዱ ላይ ጻፍኩ፤ «ሌላ ሽቦ አለ» ብያለሁ።
ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ፣
መብራት እንዲሄድ እጠብቃለሁ።